ቀለሙ ይለቃል፤ ከሥሩ ያለውስ?

በየዓመቱ የገና በዓል ሲቃረብ ከወልድያ በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ የሚወስደው መንገድ በተሽከርካሪ ይሞላል። አውቶቡሱ፣ ሚኒባሱ፣ ላንድክሩዘሩና አይሱዙው ምእመናንንና ጎብኚዎችን ጭኖ የላስታን ዳገት እየወጣ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ወደምትገኘው ከተማ ይደርሳል። በከተማዋ ውስጥ ደግሞ ባጃጆች በጠባቡ መንገድ ላይ ይርመሰመሳሉ። ሰውና መኪና እንዲህ በተፋፈገበት ስፍራ አንድ ልጅ ከአንድ ቦታ ያገኘውን የቀለም ማርከር ይዞ በቆመ ነጭ መኪና በር ላይ ስሙን ቢጽፍ የሚያስደንቅ ነገር የለም። ባለመኪናው መጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ «ይህን ምን ያስለቅቀዋል?» የሚል ነው። መልሱም ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፤ አንዱ ቤንዚን፣ ሌላው ቲነር፣ ሦስተኛው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይላል። አረቄ፣ የጥርስ ሳሙናና አመድ የሚሉም አይታጡም።

የሚያስገርመው፣ ከእነዚህ ሁሉ አብዛኞቹ ጽሑፉን ሊያስለቅቁ መቻላቸው ነው። ችግሩ ያለው ጥያቄው ላይ ነው። የጥያቄው ግማሽ ተዘንግቷል። ምን ያስለቅቀዋል ከማለት አስቀድሞ፣ ጽሑፉ ያረፈበት ነገር ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። ላሊበላ ይህን ጥያቄ ከመኪና በር እጅግ በከበደ ጉዳይ ላይ ታውቀዋለች። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ለመጠበቅ ሲባል በተካሄደ ጥገና ከዓለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ገጽታ ሬንጅ መሰል ሽፋንና ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ያንኑ ቀለም መልሶ ማንሣት ግድ ሆነ። በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የመኪናውን በር፣ ቀጥሎም የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ እንመለከታለን። የሁለቱም ኬሚስትሪ አንድ ነው፤ ውጤቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

በማርከሩ ውስጥ

በጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚሸጠው ተራ ማርከርና የቀለም ማርከር በስም ይቀራረቡ እንጂ በባሕርይ ይለያያሉ። ተራው ማርከር በአልኮል ወይም በመሰል ፈሳሽ ውስጥ የሟሟ ማቅለሚያ የያዘ ነው፤ የሚያስተላልፈው ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለም ነው። የቀለም ማርከር ግን፣ ስሙ እንደሚያመለክተው፣ በብዕር ቅርጽ የተዘጋጀ የቅብ ቀለም ነው። ሲያነቃንቁት በውስጡ የሚንኳኳው ትንሽ ኳስ ለዚህ ምስክር ነው፤ ከታች የዘቀጠውን ዱቄት ከፈሳሹ ጋር ለማዋሐድ የተቀመጠ ነው። ዱቄቱ ፒግመንት ይባላል። በነጭ ማርከር ውስጥ ብዙውን ጊዜ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ በብርማው ውስጥ ደግሞ የአሉሚኒየም ቅንጣት ነው። ፒግመንቱን እርስ በርሱና ከገጹ ጋር የሚያጣብቀው ሬዚን የሚባል ሙጫ ነው። ሙጫውን በፈሳሽነት የሚያቆየው ደግሞ አሟሚው ሲሆን፣ በዘይት ነክ ማርከሮች ዘንድ የተለመደው ዛይሊን ነው።

ቀለሙ በበሩ ላይ እንዳረፈ ዛይሊኑ ይተንናል፤ ሙጫውና ዱቄቱ ይቀራሉ። በዚህ ደረጃ ቀለሙ ደርቋል እንጂ ገና አልበሰለም። ዛይሊን መልሶ ቢያገኝ እንደገና ይሟሟል። ቀናትና ሳምንታት ሲያልፉ ግን አንዳንዶቹ ሙጫዎች ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሐዱ በሞለኪውሎቻቸው መካከል አዲስ ማያያዣ ይፈጥራሉ። ስለዚህ ዛሬ የተጻፈ ጽሑፍና የወር ዕድሜ ያለው ጽሑፍ በዓይን አንድ ይምሰሉ እንጂ ለማስለቀቅ የሚጠይቁት ድካም እኩል አይደለም።

ማስለቀቅ ሲባል በቀላል ቋንቋ ሙጫውን መልሶ ማሟሟት ማለት ነው። ዱቄቱ አይሟሟም፤ መያዣውን ሲያጣ በጨርቅ ይነሣል። የትኛው ፈሳሽ የትኛውን ሙጫ እንደሚያሟሟ ለመገመት ኬሚስቶች ለረጅም ጊዜ «መሰል መሰሉን ያሟሟል» በሚል ደንብ ሲመሩ ቆይተዋል። ቻርልስ ሀንሰን በ1967 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ባቀረበው የጥናት ጽሑፉ ደንቡን በቁጥር ለመግለጽ ችሏል። በእርሱ አካሄድ እያንዳንዱ ፈሳሽ ሦስት ቁጥሮች ይኖሩታል፤ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ የሚሳሳቡባቸውን ሦስት መንገዶች የሚለኩ ናቸው። ሦስተኛውን ብቻ፣ ማለትም የሃይድሮጅን ትስስርን የሚለካውን ብንወስድ፣ ዛይሊን 3.1፣ አሴቶን 7.0፣ ኢታኖል 19.4፣ ውኃ ደግሞ 42.3 ነው። በዛይሊን የሟሟ ሙጫ ውኃ ንክች የማያደርገው ለዚህ ነው። ግማሽ ያህሉ ውኃ የሆነው አረቄም ጽሑፉን ከማስለቀቅ ይልቅ በከንቱ መፍሰሱ የሚያሳዝን ነው። በአንጻሩ ውኃ ነክ በሆነ የአክሪሊክ ማርከር የተጻፈ፣ ገና ያልከረመ ጽሑፍ በሞቀ ውኃ፣ በሳሙናና በጥቂት የሕክምና አልኮል ሊነሣ ይችላል። ስለሆነም ከማርከሩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ከማንኛውም ፈሳሽ በፊት የሚመጣ ሥራ ነው፤ ልጁ ማርከሩን ጥሎ ካልሄደ በቀር።

ልቃቂትና ሸማ

እስካሁን ስለ ጽሑፉ ተናገርን። አሁን ወደ በሩ እንምጣ። ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ዘመናዊ መኪና ላይ ያለው ቅብ ከብረቱ ተነሥቶ እስከ ላይ ሲለካ ከ100 እስከ 150 ማይክሮሜትር ቢሆን ነው፤ የሁለት ፀጉር ውፍረት ማለት ነው። ከብረቱ ቀጥሎ ዝገት ተከላካዩ፣ በላዩ አንቲሩጂኑ፣ ከዚያ ዋናው ቀለም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀለም አልባ የሆነው ግልጽ ሽፋን ይደረደራሉ። የቀለም ማርከሩ ያረፈው በዚህ 40 ማይክሮሜትር ያህል ውፍረት ባለው ግልጽ ሽፋን ላይ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ቅብ መኖሩን መረዳት ያስፈልጋል። አንደኛው የሚደርቀው አሟሚው ስለተነነ ብቻ ነው። ረጃጅሞቹ ሞለኪውሎቹ እንደ ክር ልቃቂት ተጠቅልለው ተቀምጠዋል እንጂ አንዱ ከሌላው ጋር አልታሰረም። ስለሆነም ተስማሚ አሟሚ በመካከላቸው ሲገባ ክሩ ከልቃቂቱ እየተመዘዘ ይወጣል። ናይትሮ ሴሉሎስ ቅብ የዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው ዓይነት በፋብሪካ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት፣ በጋራዥ ደግሞ ሃርድነር በሚባል ማጠንከሪያ አማካይነት ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው የሚተሳሰሩበት ነው። ይህ የተሸመነ ሸማ ነው። አሟሚ ቢያርስበት ሸማው ይረጥባል፣ ያብጣል፤ ክሩ ግን አይመዘዝም። አሟሚው ሲተንን ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ለረጅም ጊዜ ካልተዘፈዘፈ በቀር።

የማስለቀቁ ምሥጢር በሙሉ ያለው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው። ልቃቂት የሆነ የማርከር ቀለም በሸማ ላይ ሲያርፍ ዛይሊን ወይም ቲነር ላይኛውን አሟሙቶ ታችኛውን ሊተወው ይችላል። ልቃቂት በልቃቂት ላይ ያረፈ እንደሆነ ግን አሟሚው የሚመርጥበት ምክንያት የለውም፤ ጽሑፉንም በሩንም አንድ ላይ ይዞ ይወጣል።

ናይትሮ ቅብ ጊዜ ያለፈበት ታሪክ ብቻ ይመስላል። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ አውቶሞቢል ፋብሪካዎች ሲገባ ታላቅ እመርታ ነበር፤ ሳምንታት ይወስድ የነበረውን የማድረቅ ሥራ ወደ ሰዓታት ዝቅ አድርጎታል። ይሁን እንጂ ቶሎ የሚደርቅና ማጠንከሪያ የማይጠይቅ ቅብ ለአነስተኛ ጋራዥ ሁልጊዜም ይመቻል። በአገራችን ጎዳና ላይ የሚታዩት መኪኖች ብዙዎቹ ረጅም ዕድሜ የቆጠሩ ናቸው፤ ባትላሜራ እጅ ገብተው፣ ስቱኮ ተለጥፎባቸው፣ አንዴም ሁለቴም እንደገና የተቀቡ ይገኙባቸዋል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያሉት የነዳጅ መኪኖች ዕድሜ እየገፋ መሄዱ አይቀርም። ስለዚህ በውጭ አገር ለአዲስ መኪና የተጻፈ ምክር ለእነዚህ መኪኖች በቀጥታ አይሠራም። በአንዱ መኪና ላይ ኮፋኖው የፋብሪካ፣ ፓራፋንጎው የጋራዥ ቅብ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ በምን ይታወቃል? ጥቂት ቲነር በነጭ ጨርቅ ጫፍ ላይ አድርጎ በማይታይ ቦታ መሞከር የተለመደ ምክር ነው። ምክሩ መልካም ነው፤ ሁለት ወጥመድ ግን አለበት። የመጀመሪያው የቦታው ምርጫ ነው። ብዙ ሰው የሚሞክረው በር ከፍቶ በውስጠኛው ጠርዝ ላይ ነው። መኪናው በውጭ ብቻ እንደገና ተቀብቶ ከሆነ ግን ውስጠኛው ጠርዝ ዛሬም የፋብሪካውን ቅብ እንደያዘ ነው፤ ፈተናውን ያልፋል፣ ውጩ ግን ይወድቃል። ስለዚህ ሙከራው መደረግ ያለበት ጽሑፉ ባረፈበት በዚያው ገጽ በታችኛው ጫፍ ነው። ሁለተኛው ወጥመድ ጨርቁን በማንበብ ላይ ይገኛል። ጨርቁ ላይ ቀለም ካልታየ ደኅና ነው ይባላል፤ ነገር ግን ከላይ ያለው ሽፋን ቀለም አልባ በመሆኑ እየሟሟም ጨርቁን አያቀልመውም። መታየት ያለበት የገጹ አንጸባራቂነት ነው። ከደቂቃ በኋላ የደበዘዘ ወይም በጣት ሲነኩት የሚጣበቅ ከሆነ ቅቡ ልቃቂት ነው።

ከፍታው የሚለውጠው

ይህ ሁሉ ለአዳማም ለሐዋሳም ይሠራል። ላሊበላ ላይ ግን ከፍታው የራሱን ነገር ይጨምራል። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ሲሆን በ2,500 ሜትር ላይ ወደ 75 ዝቅ ይላል። የአየሩ ክብደት በቀለለ መጠን ፈሳሽ በቀላሉ ይተንናል። ጨርቁ ላይ ያለው አሟሚ ሙጫውን ከማለስለሱ በፊት ይደርቅና የተነሣውን ቀለም ቀጭን አድርጎ በዙሪያው ይቀባዋል። ሰው በዚህ ተናዶ አጥብቆ መፈተግ ይጀምራል፤ ጭረቱም ያኔ ይመጣል። በጠዋት፣ በጥላ ሥር፣ ብረቱ ሳይሞቅ መሥራት የሚመከረው ለዚህ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ግን እሳቱ ነው። ተቀጣጣይ ፈሳሽ ሁሉ የብልጭታ ነጥብ የሚባል የሙቀት መጠን አለው። ይኸውም ከላዩ የሚነሣው ትነት ከብልጭታ ጋር ሲገናኝ ሊቀጣጠል የሚችልበት ዝቅተኛው ሙቀት ነው። የዛይሊን የብልጭታ ነጥብ በባሕር ጠለል ላይ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በላቦራቶሪ የሚሠራበት የእርማት ቀመር የአየር ግፊት በ1 ኪሎ ፓስካል በቀነሰ ቁጥር ነጥቡ በ0.25 ዲግሪ እንደሚወርድ ያሳያል። ግፊቱ በ26 ኪሎ ፓስካል በቀነሰበት ላሊበላ ልዩነቱ 6.5 ዲግሪ ይደርሳል። እንግዲህ በባሕር ዳርቻ አገር በመጠነኛ ቀዝቃዛ ቀን ትነቱ የማይቀጣጠለው ዛይሊን በላስታ ደጋ በ20 ዲግሪ ላይ ሊቀጣጠል ይችላል ማለት ነው፤ በበጋ ከሰዓት በኋላ የከተማዋ አየር ደግሞ ከዚህ መብለጡ የተለመደ ነው። የቤንዚንን ነገር ማንሣትም አያስፈልግ፤ የእርሱ የብልጭታ ነጥብ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ በመሆኑ በየትኛውም ከፍታ ዝግጁ ነው። በበዓል ሰሞን ጧፍ የያዘ ሰው በሚተላለፍበት መንገድ ዳር ቤንዚን የነከረ ጨርቅ ይዞ መኪና መጥረግ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። በተጨማሪም ቤንዚን በውስጡ ካንሰር አምጪነቱ የተረጋገጠ ቤንዝን የተባለ ውሕድ ይዟል። በባዶ እጅ መንካቱም ትነቱን መሳቡም ለአንድ ጽሑፍ ሲባል የሚከፈል ዋጋ አይደለም።

ሦስተኛው የከፍታ ጉዳይ ፀሐይ ናት። ወደ ላይ በ1,000 ሜትር በተወጣ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በደጋ የኖረ መኪና ሽፋን ከዕድሜው በላይ ያረጀ ሊሆን ይችላል። በተለይ ግልጽ ሽፋን በሌለው አሮጌ ነጭ ቅብ ላይ ጣት ቢያሳርፉ ነጭ ዱቄት ይዞ ይነሣል፤ ሙጫውን ጨረር በልቶት ፒግመንቱ ብቻ ቀርቷል ማለት ነው። እንዲህ ባለ በር ላይ ጽሑፉ በተሳካ ሁኔታ ቢነሣ እንኳ የተጠረገው ቦታ ከዙሪያው የበለጠ ያበራል። ስሙ ጠፍቶ ሳለ ቅርጹ ግን ይነበባል። ለዚህ ያለው መላ ገጹን በሙሉ በፖሊሽ ማዳረስ ነው።

በሩ ላይ

ሥራው የሚጀምረው በውኃ ነው። ከጋሸና እስከ ላሊበላ በመኪናው ላይ የተከመረው አቧራ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደቃቅ ነው። በውስጡ ያሉት ማዕድናት ከመኪናው ሽፋን ይጠነክራሉ። ይህን ሳያጥቡ በጨርቅ መፈተግ በብርጭቆ ወረቀት ከመፈተግ አይሻልም። በብዙ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ከደካማው ፈሳሽ ወደ ጠንካራው መሄድ ነው፤ በመጀመሪያ የሕክምና አልኮል፣ ቀጥሎ ነጭ ጋዝ፣ በመጨረሻ ሙከራው ከፈቀደ ጥቂት ቲነር። ፈሳሹ የሚደረገው በበሩ ላይ ሳይሆን በጨርቁ ላይ ነው። ጨርቁ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ጽሑፉ ላይ ያርፍና ከዳር ወደ መሐል ተጠርጎ ይነሣል፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ንጹሕ የጨርቅ ገጽ ይመረጣል። ከዚያ ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ይታጠባል። በአሥር አጫጭር ንክኪ የሚነሣ ቀለም በአንድ ረጅም መዘፍዘፍ ከሚነሣው ይሻላል፤ ሸማው እንዳያብጥ የሚጠብቀው ጊዜው ነውና።

ቅቡ ልቃቂት ሆኖ ከተገኘ ኬሚስትሪ ስለማይረዳ ወደ መፈተግ መዞር ግድ ይሆናል። እርሱም ቢሆን በደቃቁ፣ በመኪና ፖሊሽ መሆን አለበት። የጥርስ ሳሙና የሚሠራው በውስጡ ደቃቅ ፈታጊ ዱቄት ስላለ ነው፤ ለትንሽ ነጥብ ይበቃል። አመድና አሸዋ ግን የቅንጣታቸው መጠን ስለማይታወቅ ከጽሑፉ የከፋ ጭረት ትተው ይሄዳሉ። በፖሊሽ በተፈተገ ቁጥር ከሽፋኑ ጥቂት ማይክሮሜትር ይቀንሳል። ከ40 ላይ ጥቂት መቀነስ ይቻላል፤ በየዓመቱ መቀነስ ግን አይቻልም።

መስታወቱ ከሁሉ ይቀላል፤ ማንኛውም አሟሚ አይጎዳውም፣ በምላጭም ይፋቃል። የፊት መብራት ግን መስታወት መሳይ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል። ፖሊካርቦኔት የሚባለው ይህ ፕላስቲክ አሴቶን ሲነካው እንደ ደረቀ ጭቃ ደቃቅ ስንጥቅ ያወጣል፤ ስለዚህ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከዚያ ይራቅ። በባጃጆችና በሚኒባሶች ላይ የሚለጠፉት የቅዱሳን ሥዕሎችና ጥቅሶችም የታተሙበት ቀለም በቲነር ስለሚሟሟ ከጽሑፉ ጋር አብረው ይሄዳሉ።

ዓለቱ ላይ

አሁን ከበሩ ወደ ግድግዳው እንለፍ። በሩ ላይ የተደረገው ሁሉ የተቻለው አንድ ነገር ስለነበረ ነው፤ ገጹ ቀዳዳ የለውም። በትሪ ላይ የፈሰሰ ወጥ በጨርቅ ይነሣል። በእንጀራ ላይ የፈሰሰ ወጥ ግን በዓይኖቹ ገብቶ ይሰርጋል፤ ማንም ሊጠርገው አይሞክርም። የላሊበላ ዓለት እንጀራው ነው። አስፋወሰን አሥራትና ዮዲት አያሌው በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የጂኦሎጂ ጥናት፣ አብያተ ክርስቲያናቱ የተፈለፈሉበት ዓለት በባሕርዩ ብዙ ቀዳዳ ያለው፣ ቀላልና በአየር ንብረት ጠባይ የተበላ የባዛልት ዓይነት መሆኑን ገልጸዋል። ለመፈልፈል የተመቸው በዚህ ጠባዩ ነው፤ ለውኃ የተጋለጠውም በዚሁ ነው።

በዚህ ዓለት ላይ ሬንጅ መሰል ሽፋንና ቀለም መቀባት ምን ያመጣል? ዝናብ በጣሪያና በስንጥቅ በኩል ወደ ዓለቱ ይገባል፤ በበጋ ደግሞ በቀዳዳዎቹ በኩል ተንኖ ይወጣል። ሽፋኑ የሚዘጋው መውጫውን ነው። መግቢያውን ሁሉ መድፈን የሚቻል ቢሆን ኖሮ ባልከፋ ነበር፤ ተራራ የሚያህል ዓለት ግን አይደፈንም። መውጫ ያጣው እርጥበት ከሽፋኑ ሥር ይከማቻል፤ የሟሟ ጨው ይዞ ስለሚመጣ በደረቀ ቁጥር ጨው ያስቀምጣል። የጨው ክሪስታል ሲያድግ የቀዳዳውን ግድግዳ ይገፋል፤ የዓለቱ ገጽ ከነሽፋኑ ቅርፊት እየሆነ ይላላጣል። ይህ በመላው ዓለም ባሉ የድንጋይ ሐውልቶች ላይ የታወቀ የጥፋት መንገድ ነው።

በ1966 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የሐውልቶች ፈንድ፣ በዛሬ ስሙ ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ፣ ከተቋቋመ አንድ ዓመት እንዳለፈው ላሊበላ ላይ ሥራ ጀመረ። ሥራውን የመራው ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ ነበር። ቀደም ብሎ የተቀባውን ሬንጅ መሰል ሽፋንና ቀይ ቀለም ማንሣት ከተከናወኑት ተግባራት አንዱ ሆነ። አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ ሬንጅን የሚያሟሙ ፈሳሾች በዚያን ዘመንም ሞልተው ነበር፤ ነጭ ጋዝም ዛይሊንም ያሟሙታል። ሬንጅ በአሟሚ ሲላ ግን ቡናማ ፈሳሽ ሆኖ የእንጀራውን ዓይን እንደሚያገኝ ወጥ ወደ ዓለቱ ይሰርጋል። በገጽ ላይ የነበረው ቆሻሻ ከውስጥ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያወጣው የለም። በመኪና በር ላይ ጠላት የነበረው መፈቅፈቅ እዚህ ላይ፣ በጥንቃቄና በእጅ ከሆነ፣ ከአሟሚው የሚመረጥበት ጊዜ አለ።

መፈቅፈቁም ነጻ አይደለም። የበሩ ፖሊሽ የሚወስደው ማይክሮሜትሮች እንደገና ሊቀቡ ይችላሉ። በዓለቱ ላይ ያሉት የመሮና የመጥረቢያ አሻራዎች ግን 800 ዓመት ያህል የኖሩ ናቸው፤ ተመራማሪዎች የትኛው ክፍል በፊት፣ የትኛው በኋላ እንደተፈለፈለ የሚያነቡትም በእነርሱ ላይ ነው። ከቀለሙ ጋር አብሮ የሚነሣ የዓለት ቅንጣት ከዚያ መዝገብ ላይ የተፋቀ ፊደል ነው።

የቅርስ ጠጋኞች ለእንዲህ ያለ ገጽ የሚጠቀሙበት ሌላ ዘዴ አለ፤ ልጥፍ ልንለው እንችላለን። የወረቀት ጭቃ ወይም ደቃቅ የሸክላ አፈር በአሟሚ ተለውሶ ዓለቱ ላይ ይለጠፋል። አሟሚው ወደ ዓለቱ ይገባል፤ ቀለሙን ያላላል፤ ከዚያ ግን የሚተንነው በልጥፉ ውጫዊ ገጽ በኩል በመሆኑ ቀለሙን ይዞ ወደ ልጥፉ ይመለሳል። ቀለሙን ወደ ቀዳዳው ያስገባው የመሳብ ኃይል ራሱ አቅጣጫው ተቀይሮ እንዲያወጣው ይደረጋል። ልጥፉ ሲደርቅ ይነሣና ሌላ ይተካል፤ ለአንድ ክንድ ስፋት ቀናት ይፈጃል። እዚህም ላይ ከፍታው አለ፤ በላስታ አየር ልጥፉ ቶሎ ስለሚደርቅ ቀለሙ መንገድ ላይ እንዳይቀር በላስቲክ ተሸፍኖ በዝግታ እንዲተንን መደረግ ይኖርበታል።

ስለሆነም በግድግዳው ላይ የማርከር ጽሑፍ ያየ ተማሪ በመኪናው በር ላይ የሠራለትን ጨርቅና አልኮል ይዞ ቢቀርብ፣ በቅን ልቦና የሚያደርሰው ጉዳት ጽሑፉን ከጻፈው ሰው ሊበልጥ ይችላል። በውኃ እንኳ አለመንካት፣ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ለደብሩ አገልጋዮችና ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ በቂ ነው።

ሽፋኑ ከዓለቱ ከተነሣ በኋላ አብያተ ክርስቲያናቱ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። የዝናቡ ነገር ግን ከቀለሙ ጋር አልተነሣም። በ2008 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ቤተ መድኃኔ ዓለምን፣ ቤተ ማርያምን፣ ቤተ መስቀልን፣ ቤተ አማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን የሚሸፍኑ ግዙፍ መጠለያዎች ተተከሉ። የመጠለያዎቹ ምሰሶዎች በዓለቱ ላይ ስለሚያሳድሩት ክብደት የአካባቢው ነዋሪዎች ሥጋታቸውን ሲያሰሙ ቆይተዋል። ውኃን ከዓለቱ የማራቅ ሥራ በ1950ዎቹ ለሬንጅ ተሰጥቶ ነበር፤ አሁን ደግሞ በብረት ምሰሶ ላይ ለቆመ ጣሪያ ተሰጥቷል።